አዲሱ መላጫና የአባባ አንገት

ሰኞ፣ ኦክቶበር 12፣ 1953፣ ዞሊንገን፣ ጀርመን

አቶ ፎስ ዛሬ ቢሮ አስጠሩኝ። የፋብሪካ ባለቤት ከንድፍ ክፍል አንዲት ሴት ሲያስጠራ ወይ ሊያሰናብታት ነው ወይ ደብዳቤ ሊያስጽፋት ነው፤ ደረጃውን ስወጣ የትኛው ይሻለኛል እያልኩ ነበር። ሁለቱም አልሆነም። ጠረጴዛቸው ላይ የራሳችን የጢም መላጫ ተበታትኖ ተቀምጧል፤ ክዳኑ ለብቻ፣ ምላጩ ለብቻ፣ የታችኛው ሰሌዳ ለብቻ፣ እጀታው ለብቻ። አውራ ጣታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ወይዘሮ ላንገ፣» አሉኝ፣ «ዛሬ ጠዋት ይህንን ሳጥብ ክዳኑ አመለጠኝ፤ እሱን እይዛለሁ ስል ምላጩን ጨበጥኩት። የመላጫ ፋብሪካ ባለቤት ነኝ! እኔ የራሴን ዕቃ ማጠብ ካቃተኝ ደንበኛው ምን ሊለኝ ነው?»

የሚፈልጉት የማይፈታ መላጫ ነው። ተላጭቶ ቧንቧ ሥር መያዝ፣ አራግፎ ማስቀመጥ፣ በቃ። ለኮሎኙ የጸደይ ንግድ ትርዒት መድረስ አለበት። ስሜን የነገራቸው የንድፍ ክፍሉ አለቃዬ አቶ ኖል ነው፤ በወረቀቴ ጠርዝ ላይ የጫጫርኩትን አይቶ ኖሯል። እኔ ደግሞ ማንም አያይም ብዬ ነበር።

ሐሳቤ ቀላል ነው። እጀታው ሥር ያለው መዘውር ግማሽ ዙር ሲዞር ክዳኑ ሳይወልቅ ትንሽ ብድግ ይላል። ከምላጩ ሥር ደግሞ፣ በሰሌዳውና በምላጩ መሀል፣ ሰፋ ያለ ክፍተት አለ። ውሃው ከላይ ገብቶ ፀጉሩንም አረፋውንም ይዞ በታች ይወጣል። ናሙናውን የሚሠራው አባቴ ነው፤ ኦይገን ሩትገርስ፣ ጓሯችን ባለው ወርክሾፑ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ለዚህ ፋብሪካ የሚሠራ። በከተማው ከሱ የሚበልጥ የለም። አባቴ ስለሆነ አይደለም ይህን የምለው። እሺ፣ ስለሆነም ጭምር ነው።

እራት ላይ ስነግረው ሳቀብኝ። «ሃምሳ ዓመት ፈትቼ አጥቤአለሁ፣ ምን ሆንኩ?»

አንገቱ ላይ ቀላ ያለ ነገር አየሁ። የሸሚዙ አንገትጌ ፍቆት ይሆናል። ስተኩሰው ስታርች አብዝቼበት ይሆናል።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 16

ንድፉ አለቀ። አድራሿ ወይዘሮ ሽሉተር ወሰደችው።

ሰው ቢሰማ ይስቃል። ባሌ ላንገ ከሩሲያ ጦር ግንባር ሳይመለስ ከቀረ ወዲህ እኔና አባባ አንድ ጣሪያ ሥር ነን፤ ግን ከፋብሪካ በቤቱ ሆኖ ወደሚሠራ ባለሙያ የሚሄድ ሥራ በአድራሽ ሴት እጅ ነው የሚሄደው፤ ድሮም እንዲህ ነው፣ ዛሬም እንዲህ ነው። ስለዚህ ወረቀቴ በወይዘሮ ሽሉተር የእጅ ጋሪ ከተማውን ዞሮ፣ ዝናብ መትቶት፣ ጠዋት ወደ ወጣሁበት ቤት ይደርሳል። አንዴ በቦርሳዬ ይዤለት ብመጣ ከወርክሾፑ ደጃፍ መለሰኝ። «እዚህ ውስጥ ልጅ የለኝም፤ በወጉ ይምጣ» አለ። ከሰኞው ማታ ወዲህ ማዕድ ላይም ስለ ሥራ አናወራም። ወይዘሮ ሽሉተር ግን ለሁላችንም ታወራልናለች።

«አባትሽ ዛሬም በሩን በግማሽ ነው የከፈተልኝ» አለችኝ። «ሴት አስገብቶ ይሆን እንዴ?»

«አስገብቶ ከሆነ ምግብ ማብሰል ትችል እንደሆነ ጠይቂልኝ» አልኳት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 28

ናሙናው መጣ! ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት። ክዳኑ ሲዘጋ ድምፅ እንኳ የለውም። የአባባ እጅ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ኖል በፋብሪካው መታጠቢያ ክፍል ተላጨበት፤ አቶ ፎስ መስኮቱ ጋ፣ እኔ በሩ ላይ። ተላጭቶ ቧንቧ ሥር ያዘው። ውሃው ከላይ ገባ፣ ትንሽ አመነታ፣ በገባበት ወጣ። ፀጉርና አረፋው ከምላጩ ሥር ተወትፎ ቀረ።

«ሲላጭስ ያስደስታል» አለ ኖል ጉንጩን እየዳበሰ። «አሁን ፈትቼ ልጠበው?»

«አይፈታም እኮ።»

«እንግዲያው ከድሮው ባሰ በይኛ።»

አቶ ፎስ በፋሻ የተጠቀለለውን ጣታቸውን ተመለከቱ።

ጥፋቱ የስሌቴ ነው። ክፍተቱን አሳንሼዋለሁ ማለት ነው። ምን ቆርጦኝ ነው በወረቀት ጠርዝ ላይ የምጫጭረው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 1

አባባ ቡናውን ግማሽ ኩባያ ብቻ እንድቀዳለት ነገረኝ። ቡና ሊቀንስ ፈልጎ ይሆናል፤ ጎበዝ። ሳይላጭ ለምሳ ተቀመጠ፤ በእሑድ! እናቴ ብትኖር ከጠረጴዛው ታስነሳው ነበር።

«ሳሙናው ተበላሽቷል» አለኝ።

ሌላ ሳሙና እገዛለሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 5

አዲሱ ንድፍ ሄደ። ክፍተቱን እጥፍ አደረግሁት። ዝናብ። ወይዘሮ ሽሉተር ጋሪዋን በሸራ ሸፍናለች፣ አፏን ግን ማን ይሸፍነዋል። «የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ምን እንዳሉ ልንገርሽ? ‹አባቷ ባይኖርላት እርሳስ መቅረጽ አትችልም› አሉ።» የትኛዋ እንዳለችው አልነገረችኝም። የትኛዋ እንደሆነች አውቃለሁ። የሚያናድደኝ ማለቷ አይደለም፤ ሌሊት እኔም እሱኑ ማሰቤ ነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 11

የቅዱስ ማርቲን በዓል ቀን። የሰፈሩ ልጆች ፋኖሳቸውን ይዘው እየዘመሩ በደጃችን አለፉ። በየዓመቱ በር ላይ ቆሞ ብስኩት የሚሰጣቸው አባባ ነው፤ ዛሬ ግን ኩሽና ውስጥ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ተቀምጧል። ምድጃው ሥር በሻርፕ! ቀርቤ ሳብኩት።  አገጩ ሥር ትንሽ ሎሚ የሚያህል እባጭ፣ ዙሪያው ቀልቶ ያብለጨልጫል።

ኮቱን በግድ አልብሼ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ሐኪሙ ቀደደለት፤ መግሉ ፈሰሰ።

«ይህ ከቆሸሸ መላጫ ነው» አለ ሐኪሙ። «መላጫዎን በየቀኑ ፈትተው፣ በፈላ ውሃ አጥበው፣ አድርቀው ካልተጠቀሙ ይመለሳል። እየተመለሰ አንድ ቀን ደም ውስጥ ይገባል። በእርስዎ ዕድሜ ደም ውስጥ ከገባ ደግሞ ቃል ልገባልዎ አልችልም። አለበለዚያ ጢም ያሳድጉ።»

አባባ ከወንበሩ ተነሳ። «መላጫ ሠሪ ጢም ሊያሳድግ? በምላጭ ከተማ፣ በዞሊንገን? ጎረቤቱ ሁሉ አብዷል ብሎ ሊጠይቀኝ ይመጣል!»

በመንገድ ላይ ተቆጣሁት። አንተ ብሎ ሰነፍ አልኩት፣ ለዓለም መላጫ ሠርተህ የራስህን ማጠብ ሰነፍክ አልኩት። 

«ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሂድ እንግዲያው።»

«ሃምሳ ዓመት ምላጭ ስሠራ ኖሬ አንገቴን ለሰው ምላጭ ልስጥ?»

«እኔ ልላጭህ።»

መሀል መንገድ ላይ ቆመ። «ስሞት ትላጪኛለሽ» አለና ቀድሞኝ ሄደ።

 ባልጮህበት ምን ነበር። ሰው ሲያረጅ ይሰንፋል፣ ያለ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ውሃ አፍልቼ ከበሩ ፊት አስቀምጥለታለሁ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 24

ሁለተኛው ናሙና። ተወተፈ።

አቶ ኖል በዚህኛው አልቀለደም፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

ክፍተቱን እጥፍ አድርጌ ነድፌው ሳለ፣ በዓይን ሲታይ ከመጀመሪያው የተለየ አይመስልም። ካሊፐሩን፣ የብረት መለኪያዬን፣ ከመሳቢያ አወጣሁ፤ መልሼ ከተትኩ። በቤቱ የሚሠራ ባለሙያ የላከውን ሥራ፣ ያውም የኦይገን ሩትገርስን ሥራ፣ ካሊፐር መክተት ሰው ቤት ተጋብዞ ወጡን አሽትቶ እንደመቅመስ ነው። ወይዘሮ ሽሉተር ብታየኝ ከምሽቱ በፊት ከተማው ሁሉ ይሰማል። ቢለካም ደግሞ ልክ ነው የሚሆነው። ስህተቱ ከእኔ ነው፤ ውሃ እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም ማለት ነው። ለካ ውሃን የሚያህል ነገር እንኳ አላውቅም።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 4

ንድፉን ለሦስተኛ ጊዜ ላክሁ። ክፍተቱን አሁንም አሰፋሁት፤ ከዚህ በላይ ከሰፋ ምላጩ የሚቀመጥበት አይኖርም።

የአባባ ቁስል ሽሯል። ያስቀመጥኩለት የፈላ ውሃ ማሰሮ ጠዋት ጠዋት ባዶ ሆኖ ይቆየኛል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰማኝ።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 18

ተወተፈ።

አቶ ፎስ ራሳቸው ነበሩ የተላጩበት። በትህትና ፎጣቸውን አጥፈው አስቀመጡ። «ወይዘሮ ላንገ፣ ከገና በኋላ አንድ ጊዜ እንነጋገር። ካልሆነ ወደ ኮሎኝ የድሮውን ይዘን እንሄዳለን፤ እርስዎም ወደ መገልበጡ ሥራ ይመለሳሉ። ማንም አይወቅስዎትም።» ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

መገልበጥ ማለት የሌላ ሰው ንድፍ ላይ ስስ ወረቀት አስቀምጦ መስመሩን መከተል ነው። ብዙ ዓመት ሠርቼዋለሁ፤ ሲሠሩት መጥፎ አይደለም። የሚከብደው ወደሱ መመለስ ነው።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 26

የገና ማግስት ነው፤ እኅቴ ጋ ለዋፍል ኬክና ለቼሪ ተጠርተን ነበር። አባባ አልሄድም አለ። «ብርድ ነው።» ብርድ ፈርቶ ያውቃል? ብቻዬን ሄድኩ። እኅቴ «አባባ ደህና ነው?» አለችኝ፤ «ምን ይሆናል፣ አርጅቷል» አልኳት። ተመልሼ ስገባ መብራት አጥፍቶ ተቀምጦ ነበር፤ ሻርፑን አድርጎ።

ሻርፑን አየሁ። ግን ደክሞኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 13፣ 1954

ተመለሰ። በዚህኛው በግራ በኩል ሁለት ናቸው። ትኩሳቱ ከፍ ብሏል። ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ ቀደደለት። «እስከ ሰኞ ካልወረደ ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ ወዲያ የምሰጠው ነገር የለኝም» አለኝ ኮሪደሩ ላይ። ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም አባባ ሰምቷል። አንድ ቀን የምቀርበት ፈቃድ ጠየቅሁ። አቶ ኖል «ሂጂ፣ ያንቺን እኔ እይዘዋለሁ» አለኝ።

እግዚአብሔር ሆይ፣ መላጫው ይቅርብኝ። እሱ ይነሳልኝ።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 17

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጠዋት አባባ እንደተኛ የመታጠቢያ ገንዳውን ላጸዳለት ገባሁ። መላጫው ከሳሙና ማስቀመጫው ኋላ ተሸጉጦ ነበር። ልፈታው ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። በጨርቅ ይዤ በኃይል ሳዞረው ተከፈተ። የሳምንታት ፀጉር፣ ዝገት፣ የደረቀ ደም።  ያ ሁሉ ውሃ ሳፈላለት ኖሬ! ለካ ገንዳው ውስጥ ነበር የሚደፋው።

በንዴት ይዤው ክፍሉ ገባሁ። «ይኸን መቼ ነው የፈታኸው?»

ጣሪያውን አየ። ከዚያ ሁለቱን እጆቹን ከብርድ ልብሱ አወጣና በባዶው አየር ላይ ዘረጋልኝ። ይንቀጠቀጣሉ። በነፋስ ቀን ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ።

«ሞረድ ስይዝና ብረት ማሰሪያው ሞርሳ ላይ ስደገፍ ምንም አይሉም» አለ። «በባዶው ግን ይኸው ናቸው። ክዳኑን ይዤ እጀታውን ላዞር ስል ሁሉም ገንዳ ውስጥ ነው። ምላጩን ከውሃ ውስጥ ስለቅም እጄን ያየሽው እንደሆነ…»

እጁን አገላበጥኩት። የጣቶቹ ጫፍ በጠባሳ ተሞልቷል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ጸደይ። ፎስ ቢሰማ ሥራ ይልክልኛል እንዴ? ወይዘሮ ሽሉተር ካየች ደግሞ በቃ፣ በጋዜጣ እንደወጣ ቁጠሪው።»

ግማሹ ኩባያ፣ ግማሹ በር፣ ሳሙናው። ሁሉንም አይቻለሁ፤ ለሁሉም ሌላ ምክንያት ሰጥቻለሁ። አሳዘነኝ፤ እንደተናደድኩም አሳዘነኝ።

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም! እኔ የምሠራው ይኸንኑ አይደል? አይፈታም እኮ፣ አባባ! ምንም የሚወድቅ የለውም! ቢሠራልኝ ኖሮ…» አልኩና ከቦርሳዬ ሦስተኛውን ናሙና አውጥቼ ከአልጋው ዳር ካለው ማንቆርቆሪያ ላዩ ላይ ውሃ አፈሰስኩበት። ውሃው አልጋው ላይ ተመለሰ። «ይኸው! አያሳልፍም! ለምን እንደማያሳልፍ አላውቅም!»

አባባ ረጋ ብሎ አየኝ። «አያሳልፍማ። ዘጋሁልሽ እኮ።»

«ምን አልክ?»

«ንድፍሽ ላይ ስህተት ነበር። በምላጩና በሰሌዳው መሀል ብርሃን ያሳልፍ ነበር፤ ያውም እጅ የሚያህል። ሰሌዳውን ከፍ አድርጌ ገጠምኩልሽ። በሁለተኛው ሲብስብሽ፣ በሦስተኛው ደግሞ ጭራሽ… ልጄን ምን ነካት እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ግን ለሰው ትንፍሽ አላልኩም።»

እዚህ ከተማ ሁለት ብረት ተገጣጥሞ ሲያልቅ ወደ መብራት ይነሳል፤ በመሀሉ ብርሃን ካለፈ የሠሪው ውርደት ነው። የንድፍ ክፍል ከተሳሳተ ደግሞ በቤቱ የሚሠራ ጨዋ ባለሙያ ዝም ብሎ ያርማል እንጂ አይናገርም፤ የነደፈው እንዳያፍር። ጨዋ የንድፍ ክፍል በበኩሉ የባለሙያን ሥራ አይለካም። እሱ ገመናዬን ሸፈነልኝ፣ እኔ ክብሩን ጠበቅሁለት፤ ፀጉሩ በመሀላችን ተወተፈ።

«ክፍተቱ እኮ ሆን ተብሎ ነው!» አልኩ። «ውሃ እንዲያልፍበት!»

«ሆን ብለሽ?» አለ። «ሆን ብሎ ብርሃን የሚያሳልፍ ዕቃ የሚነድፍ ሰው አለ?»

ሳቄ መጣ። ልይዘው አልቻልኩም፤ ርጥብ አልጋው ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። መጀመሪያ ተቀየመኝ። ከዚያ እሱም ጀመረ፤ እስኪያስለው፣ ቁስሉን በእጁ ደግፎ «ተይ፣ ተይ፣ አንገቴ!» እስኪል ሳቀ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 18

ትኩሳቱ ወረደ። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ለካው። ሆስፒታል የለም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተነስቼ ሥራ ገባሁ።

አቶ ፎስን አንድ የመጨረሻ ናሙና ለመንኩ። «ምን ተለወጠ?» አሉኝ። «የክፍተቱ ነገር ነው፤ ስህተቱን አግኝተነዋል» አልኩ። የማን ስህተት እንደሆነ አልጠየቁም፤ አልነገርኳቸውም። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጡኝ።

ማታ መዘውሩን ከአዲስ ነደፍኩት። ወፍራም፣ ሻካራ፣ በሙሉ መዳፍ የሚያዝ፤ በሁለት ጣት መቆንጠጥ የማይጠይቅ። ለምን እንዲህ ወፈረ ቢሉኝ ለሳሙናማ እጅ ነው እላለሁ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 25

አባባ ተነስቷል። ንድፉን ማዕድ ላይ ዘርግቼ ላሳየው ስል አልቀበልም አለኝ። «በወጉ ይምጣ።» እሺ፤ በጋሪ ሄደ። በትልልቅ ፊደል «ክፍተቱ ሆን ተብሎ ነው፤ አይዘጋ» ብዬ ጻፍኩበት። ወይዘሮ ሽሉተር አነበበችው። «ይህ ደግሞ የፍቅር መልእክት ነው?» አለችኝ።

«ከዚያ አይተናነስም» አልኳት።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 27

ወርክሾፑ አስገባኝ! ከፋብሪካ ስመለስ በሩ እስከ ግድግዳው ተከፍቷል። ክርኑን ሞርሳው ላይ አሳርፎ ሞረዱን ሲስብ እጁ እንደ ድንጋይ ይረጋል። እያንዳንዷን ለክቶ ያጉረመርማል። «አሁን ይበቃል?» «ትንሽ ይጨመር።» «ነውር እኮ ነው።» «ትንሽ፣ አባባ።» «ስሜን እንዳትጠሪ ብቻ። ሌላ ሰው ሠራው በይ።» ሲጨርስ የክፍተቱን ጠርዝ ሁሉ ሳይነገረው አለሰለሰው፤ ፀጉር እንዳይይዝ። ወደ መብራቱ አነሳው። ብርሃኑ ፊቱ ላይ በቀጭኑ አረፈ። ፊቱን አጨፈገገ፤ ግን ቶሎ አላወረደውም።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 30

አለፈ!!

አቶ ፎስ ተላጩበት፣ መዘውሩን አዞሩት፣ ቧንቧ ሥር ያዙት፤ አረፋውም ፀጉሩም በታች ዷ ብሎ ወጣ፣ ብረቱ አንጸባረቀ። እንደ ልጅ እየሳቁ እንደገና ሳሙና ቀብተው እንደገና አጠቡት። ሸሚዛቸው በውሃ ራሰ። «ጣቴን ተመልከቱ፣ ደህና ነው!» እያሉ ለሁሉም ያሳያሉ። ወደ ኮሎኝ ይሄዳል። እኔም ከዕቃው ጋር እንድሄድ ነገሩኝ።

«ይህ መዘውር ግን ለምን ወፈረ?»

«ለሳሙናማ እጅ ነው» አልኩ።

«ብልህ ነገር!» አሉ። «የሩትገርስም እጅ፣ ይኸው ዛሬም የባለሙያ እጅ ነው።» መሬት መሬቱን አየሁ።

ስወጣ አቶ ኖል ተከትሎኝ መጣ። ከመጨረሻው ናሙና ጋር በትርፍነት የተሠራችውን መላጫ በወረቀት ጠቅልሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «ይቺን ለሽማግሌው። የእናቴም እጅ እንዲያ ነበር» አለኝ በቀስታ። «ከመኸር ጀምሮ አውቃለሁ፤ ያኔ ደረሰኝ ላይ የፈረመልኝ ፊርማ ተንቀጥቅጦ አይቼ። አይዞሽ፣ ከእኔ አይወጣም።»   ቤቴ እስክደርስ ዝናብ እየዘነበ ነበር፤ ዣንጥላዬን ረስቼው ወጥቻለሁ፣ ትዝም አላለኝ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 7

ሐኪሙ ትናንት አይቶት «ንጹሕ ነው፤ ይላጩ» ብሎታል።

ዛሬ ጠዋት አባባ በአዲሱ መላጫ ሊላጭ ገባ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ድንች መላጥ ጀመርኩ፤ ድንች ኮሪደር ላይ የሚላጥ ይመስል። ጆሮዬን ሰጥቼ የሚወድቅ ነገር ጠበቅሁ። ሳሙና ሲመታ። ዝምታ። ረጅም ዝምታ። ከዚያ ቧንቧው። ከዚያ ትክ፣ ትክ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ሲያራግፈው። ምንም አልወደቀም።

ወጣ። ለስላሳ፣ ቀይ፣ የሕፃን ፊት። አገጩ ሥር ትንሽ አረፋ ቀርታለች። ልጠርግለት እጄ ተነሳ፤ መለስኩት። ራሱ በፎጣው ጠረጋት።

«ምን ያስቆምሻል እዚህ?» አለኝ።

«ድንች እየላጥኩ ነው።»

«አንዱ ድንች አልቋል እኮ፤ አሁን የምትልጪው ጣትሽን ነው።»

ከምሳ በኋላ ወደ ወንዙ ወረድን። ሻርፕ አላደረገም። ከውፐር ወንዝ የሚመጣው ነፋስ ፊት ይገርፋል። ጎረቤቶቻችን ሰላም ሲሉት ባርኔጣውን ከፍ ያደርጋል፤ አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ሌላው ባርኔጣው ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ከብርዱ ነው አሉ፣ እኔም ከብርዱ ነው አልኩ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ መነጫነጭ ጀመረ። ጉንጩን በረደው። ይህን ያህል ንፋስ እንዳለ ለምን አልነገርኩትም? ሰው ልክ ተላጭቶ በፌብሩዋሪ ወንዝ ዳር የሚወስዱት ሊገድሉት ነው ወይ? እስከ ቤት ድረስ ጉንጬ፣ ጉንጬ እያለ አጉረመረመብኝ።

በሕይወቴ እንዲህ ደስ ያለኝ ወቀሳ የለም።

አሁን አባባ ተኝቷል። ከመጻፌ በፊት እንደ ልማዴ ምን ያስጨንቀኛል ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ ኮሎኝ አሰብኩ፣ አላስጨነቀኝም። ስለ ማሸጊያ ክፍል ሴቶች አሰብኩ፣ እነሱም አላስጨነቁኝም። ስለ አንገቱ አሰብኩ። ከግድግዳው ወዲያ ሲያንኮራፋ ይሰማኛል። መብራቱን ላጥፋ።